ተዳር እዳር፦ ከዓባይ ውል እስከ ሞያሌ መስመር

በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ የሚያድግ ልጅ እቤት ቦረንኛ ወይም ቡርጂኛ፣ ገበያ ላይ ሶማልኛና አማርኛ፣ ትምህርት ቤት ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ይሰማል። እነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ አንድን ስም በሙሉ ሐረግ መግለጽ ይችሉበታል፤ እኛ «የመጣበት አገር»፣ «ውሃ የሚቀዱበት ጉድጓድ» እንደምንለው ማለት ነው። ልዩነቱ በ፣ ከ፣ ወደ፣ ለ የሚሉት መስተዋድዶች ገላጭ ሐረጉ ውስጥ ሲገቡ የት እንደሚቀመጡ ነው። ነገሩ የሰዋስው መምህር ጣጣ ይመስላል፤ ሞያሌን ለሁለት የከፈሉት ሰነዶች ግን የተጻፉት ገላጭ ሐረግንና መስተዋድድን በራሱ ልማድ በሚያጣምር እንግሊዝኛ ጭምር ነው። ያ ልማድ አንዳንድ ጥያቄዎችን ሳይመልሱ ለማለፍ ያመቻል። አማርኛ ደግሞ እነዚያኑ ጥያቄዎች እንድንመልስ ያስገድደንና በምትኩ ሌላ ነገር ያድበሰብሳል። ሁለት መንግሥታት አንድ ውል ሲፈርሙ የተስማሙበት ጉዳይ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ሳይነገር የቀረው ግን በየቋንቋው የተለያየ ነው። ቀጥሎ የሚተረከው ይህ ልዩነት እንዴት እንደ ተፈጠረና እስከ ድንበሩ ድረስ እንዴት እንደ ተጓዘ ነው። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው ከሞያሌ እጅግ የራቀ ነው። ከ1100 በፊት ይነገር የነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ስምን በሐረግ ለመግለጽ ሁለት ዋና መንገድ ነበረው። በአንደኛው፣ እንደኛዋ «የ» መልኳን በማትለውጥ አንዲት አጭር ቃል ሐረጉ ከስሙ ጋር ይያያዝና መስተዋድዱ ከግሱ አጠገብ ብቻውን ይቀራል። በሁለተኛው፣ መስተዋድዱ ወደ ፊት ተስቦ ከአያያዡ ተውላጠ ስም በፊት ይቀመጣል። በመካከለኛው ዘመን የላቲንና የፈረንሳይኛ አጻጻፍ በጸሐፊዎች ዘንድ ሲበረታ «ዊች» የተባለችው ቃል ሁለተኛውን መንገድ ይዛ ተስፋፋች፤ «ኢን ዊች»፣ «ፍሮም ዊች»፣ «ቱ ዊች» የሚሉት ጥምረቶች የተማረ ሰው ጽሕፈት ምልክት ሆኑ። ተራው ተናጋሪ ግን መስተዋድዱን መጨረሻ ላይ መተዉን አልለቀቀም፤ ዛሬም አልለቀቀም። በ1672 ባለቅኔው ጆን ድራይደን ከእሱ በፊት የነበረውን ቤን ጆንሰንን ሲተች ይህን መጨረሻ ላይ የመተው ልማድ እንደ ነውር ቆጠረው፤ የራሱም ጽሑፎች ከዚህ እንዳልጸዱ አልሸሸገም። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1684፣ ስለ ተውኔት የጻፈውን የ1668 ድርሰቱን ዳግም ሲያሳትም መጨረሻ ላይ የቀሩትን መስተዋድዶች እየለቀመ ወደ ፊት አመጣቸው። ከዚያ በፊት ብዙም ያልተነቀፈ ነገር በአንድ ደራሲ ሥነ ሥርዓት የተነሣ የጨዋ ጽሕፈት ወግ ወደ መሆን አዘነበለ።

በዚያው ዘመን የኛም ቋንቋ ሰዋስው ለአውሮፓ አንባቢ ቀረበ። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ በተማረው ላይ ተመሥርቶ የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው በ1698 ነው። አማርኛ ግን በዚህ ረገድ ከግእዝ ርቆ ሄዶ ነበር። ግእዝ «ዘውስቴቱ»፣ «ዘእምኔሁ»፣ «ዘላዕሌሁ» እያለ በውስጡ መሆኑን፣ ከእሱ መሆኑን፣ በላዩ መሆኑን ለይቶ ያስቀምጣል፤ አያያዡ ይቀድማል፣ መስተዋድዱ ከነተውላጠ ስሙ ይከተለዋል። አማርኛ ይህን ሁሉ ሰብስቦ ወደ ግሱ መጨረሻ ወሰደው፤ እዚያም ሁለት በሮችን ብቻ ተወ፣ «‑በት» እና «‑ለት»። «የመጣበት አገር» ስንል «‑በት» ከ ማለት ነው፤ «የሄደበት አገር» ስንል ወደ ማለት ነው፤ «የመጣበት መንገድ» ሲሆን በኩል፣ «የመጣበት መኪና» ሲሆን ማጓጓዣ፣ «የመጣበት ቀን» ሲሆን ጊዜ፣ «የመጣበት ጉዳይ» ሲሆን ምክንያት ይሆናል። እንግሊዝኛ በአምስትና በስድስት መስተዋድድ የሚከፋፍለውን አማርኛ በአንድ ፊደል ጥንድ ይጨርሰዋል፤ የቀረውን ስሙና ግሱ እንዲነግሩን ይተዋል። በዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። «ከሚኖርበት ከተማ ወጣ» ስንል ፊት ላይ ያለችው «ከ» የ«ወጣ» ናት፣ ኋላ ያለችው «‑በት» ደግሞ የ«ኖረ» ናት፤ «የ» ራሷ ቦታ አጥታ ወድቃለች። በአንዲት ቃል ግራና ቀኝ የሁለት ዐረፍተ ነገሮች መስተዋድዶች ተሰክተዋል። እንግሊዝኛ ይህን ለማለት ከአንድ ስም ፊትና ኋላ ሁለት መስተዋድድ ይደረድራል፤ አማርኛ ግን አንድ ግስ ላይ ያሳድራቸዋል።

ወደ እንግሊዝ ስንመለስ፣ በ1762፣ ኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ላውዝ ባሳተመው አጭር ሰዋስው ነገሩን ይበልጥ አለዘበው። መጨረሻ ላይ መተው ቋንቋው በጣም የሚያዘነብልበት፣ ለወግና ለደብዳቤ የሚስማማ ነው፤ ማስቀደም ግን ለከበረና ለከፍ ያለ ጽሕፈት ያምራል አለ። ይህን ሲናገር የራሱን ሐረግ በመስተዋድድ መጨረሱ ሆን ብሎ ይሁን ሳያስበው እስካሁን ያከራክራል። የላውዝ ተከታዮች ምክሩን ሕግ አደረጉት። የ19ኛው መቶ ዘመን የመንግሥት ጸሐፊ፣ በተለይም የውጭ ጉዳይ ሰው፣ በዚህ ሕግ የሠለጠነ ነበር። የሚጽፈው እንግሊዝኛ እንደ ግመል ቅፍለት ነው፦ ስሙ መሪ ሆኖ ይቀድማል፣ መስተዋድዳዊ ሐረግ ይከተለዋል፣ ከዚያ ገላጭ ሐረግ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ መስተዋድድ ይቀጣጠላል፤ ሦስተኛው ግመል የታሰረው በሁለተኛው ላይ ይሁን በመሪው ላይ ግን ከሩቅ አይለይም። ጽሕፈቱ ግርማ አለው። ግርማው የሚመጣው ደግሞ በከፊል ከዚህ ካለመለየቱ ነው።

በ1897 ይህ አጻጻፍ ኢትዮጵያ ገባ። ከዓድዋ ድል ዓመት በኋላ ሬኔል ሮድ የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ውል ተፈራረመ፤ የሶማሌላንዱን ወሰን ዝርዝር ደግሞ በሰኔ መጀመሪያ ሐረር ላይ ከራስ መኰንን ጋር በደብዳቤ ጨረሰ። በዚያ የደብዳቤ ልውውጥ ውስጥ ስለ አርብቶ አደሮች የተቀመጠ አንድ ቃል ኪዳን አለ። ሐሳቡ ሲጠቃለል፣ መስመሩን ከሁለቱም ወገን የያዙ ጎሳዎች በማዶ ግጦሽ መጠቀም ይችላሉ፣ በዝውውራቸው ጊዜ ግን ለዚያው ግዛት ባለሥልጣን ይገዛሉ፣ በአቅራቢያ ወዳሉት ጉድጓዶችም በነጻ ይደርሳሉ የሚል ነው። «የያዙ» ብዬ ያስቀመጥሁት በእንግሊዝኛው ጊዜ የሌለው የግስ ቅርጽ ነው፤ ገላጭ ሐረግ ተቆርጦ አጥሮ «ኦኪዩፓይንግ» ብቻ ሆኗል። ያ ቅርጽ በፊርማው ቀን የያዙትን ይሁን ወደፊት የሚይዙትን፣ ወይም ከጥንት ጀምሮ የኖሩትን ብቻ ይሁን አይናገርም። አማርኛ ጸሐፊ ግን ዝም ማለት አይችልም፤ «የያዙ»፣ «የሚይዙ»፣ «ይዘው የኖሩ» ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋል። የመብቱ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ በዚህ ምርጫ ላይ ይንጠለጠላል። «ቅርብ» የተባለውም ጉድጓድ እንዲሁ ነው። ለመስመሩ ቅርብ ይሁን፣ ለጎሳው ሰፈር ቅርብ ይሁን፣ ወይስ ለግጦሹ፣ እንግሊዝኛው መድረሻውን ሳይጠቅስ ቅጽሉን ብቻውን መተው ይችላል።

ከአምስት ዓመት በኋላ የተፈረመው የ1902 ውል ይህን ሁሉ ከእሱ በፊት ከነበሩት ይልቅ አጉልቶ ያሳያል። ግንቦት 15 ቀን 1902 አዲስ አበባ ላይ ፈራሚዎቹ ምኒልክና የእንግሊዙ ወኪል ጆን ሃሪንግተን ነበሩ፤ ወሰኑ የሱዳን ነው፣ ሦስተኛው አንቀጽ ግን ስለ ውሃ ይናገራል። እንግሊዝኛው በጥቁር ዓባይ፣ በጣና ወይም በሶባት ላይ የሚሠራ ማናቸውንም ሥራ መጀመሪያ ይጠራል፤ ከዚያ ነጠላ ሰረዝ ይጥልና በ«ዊች» የሚጀምር፣ ውሃው ወደ ዓባይ እንዳይፈስስ ስለማገድ የሚናገር ሐረግ ያስከትላል። «በላይ» ወይም «ማዶ ለማዶ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው መስተዋድድ የተያያዘው ከ«ሥራ» ጋር ነው፤ ማገዱ ግን ሌላ ሐረግ ውስጥ፣ ከነጠላ ሰረዙ ማዶ ነው። ስለዚህ ሁለት ንባብ ይቻላል። አንደኛው፣ በወንዙ ላይ የሚሠራ ሥራ ሁሉ የተከለከለ ነው፣ ምክንያቱም ማንኛውም ሥራ ያግዳልና። ሁለተኛው፣ የተከለከለው ከሥራዎቹ መካከል የሚያግደው ብቻ ነው። አማርኛው ይህን መንታ መንገድ አልተከተለም፤ የሚለው «ወንዝ ተዳር እዳር የሚደፍን ሥራ» ነው። «ተዳር እዳር» ከ«ሥራ» ተነጥሎ ወደ ገላጭ ሐረጉ ሆድ ገባ፣ ከ«ደፈነ» ጋር ተጣበቀ። ሥራው የሚገኝበት ቦታ መሆኑ ቀረና የመድፈኑ ልክ ሆነ። ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ያልደፈነ፣ ለምሳሌ በከፊል የሚጠልፍ ቦይ፣ በአማርኛው ንባብ ከክልከላው ውጭ ነው። በውሉ መጨረሻ ሁለቱም ጽሑፎች ኦፊሴል መሆናቸው ተጽፏል፤ የሚበልጥ የለም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው፣ የተርጓሚ ጥፋት እንጂ የሰዋስው ጉዳይ አይደለም የሚል ነው፤ ሁላችንም በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ላይ የለመድነው ክስ ነው። የውጫሌው ክርክር ግን በአንድ ግስ ላይ ነበር፤ ግሱን ቢያርሙት ይስተካከል ነበር። በ1902 ግን ቃላቱን አንድ በአንድ ብናርማቸውም ቅርጹ አይገጥምም። አማርኛ ገላጭ ሐረጉን ከስሙ በፊት ስለሚያደርግ፣ ከስሙ በኋላ በነጠላ ሰረዝ ጥሎ የሚያልፈው «ጭራ» የለውም። ሐረጉ ከስሙ ፊት ቆሞ ሲገባ ደግሞ፣ በተለይ እንደ «ሥራ» ባለ ባልተወሰነ ስም ላይ፣ የሚመርጥና የሚለይ ሐረግ ሆኖ ይነበባል። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፦ አማርኛም ያሻማል። «የታመመው የጎረቤቴ ልጅ» ስንል የታመመው ጎረቤቱ ነው ወይስ ልጁ? እውነት ነው፣ ያሻማል። ልጁ ሴት ብትሆንና «የታመመችው የጎረቤቴ ልጅ» ብንል ግን፣ ጎረቤቱ ወንድ ከሆነ፣ ክርክሩ አለቀ፤ በብዙ ቁጥርም እንዲሁ ነው። የአማርኛ ግስ ከባለቤቱ ጋር ይስማማል፣ የእንግሊዝኛው «ዊች» ግን ለወንዝም ለሥራም ለውሃም አንድ መልክ አላት። ስለዚህ ሁለቱም ቋንቋ ያሻማሉ፣ መጠኑና ቦታው ግን አይገናኝም።

የሃሪንግተን ስም ከዓባይ ወደ ሞያሌ የሚወስደን ድልድይ ነው። ውሉን የፈረመው ሰው ስም ሞያሌ ላይ ለተሠራው የእንግሊዝ ሰፈር ተሰጠ፤ ፎርት ሃሪንግተን ይባል ነበር። ከ1902 እስከ 1903 አርኪባልድ በተር በተባለ ባለጸጋ በተመራ ጉዞ ካፒቴን ፊሊፕ ሞድ የተባለ የእንግሊዝ መሐንዲስ ከዶሎ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ድረስ ያለውን ምድር ቃኝቶ አንድ መስመር ሐሳብ አቀረበ፤ በኋላ «ቀዩ መስመር» ተባለ። ከዚያ በኋላ ፊሊፕ ዛፊሮ የተባለ ግሪካዊ የእንግሊዝ የወሰን ተቆጣጣሪ ሆኖ ወደዚያው ተላከ። በሰሜን በኩል ቦረናን ያስተዳድሩ የነበሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነበሩ። በዚያ ምድር ጉድጓድ የአገር ካርታ ማለት ነው፤ ቦረናዎች ጥልቅ ጉድጓዶቻቸውን ቱላ ይሏቸዋል፣ ውሃው ከታች ወደ ላይ በሰው ሰንሰለት ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ይወጣል። የጉድጓዱ ባለቤትነት በጎሳና በአባት የተለየ ነው፤ መስመር የሚባል ነገር አልነበረውም።

ታኅሣሥ 6 ቀን 1907 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ስምምነት የምሥራቅ አፍሪካን ወሰን ከዶሎ ጀምሮ ዳዋን ተከትሎ፣ በሞያሌ በኩል አልፎ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅና ከዚያ ወዲያ ገለጸ። የሐረሩም ቃል ኪዳን አብሮ መጣ፦ በሁለቱም ወገን ያሉ ጎሳዎች በማዶ ግጦሽ ይጠቀማሉ፣ በዝውውር ላይ ሳሉ የግዛቱ ባለሥልጣን ይዳኛቸዋል፣ ወደ ጉድጓዶቹም ይደርሳሉ። ለሶማሌላንድ የተሰፋ ልብስ ለቦረና ተለካ ማለት ይቻላል። ችግሩ ወዲያው ታየ። ከነፍጠኛና ገባር ሥርዓት የሸሹ የቦረና ቤተ ሰቦች ወደ ደቡብ ተሻገሩ፤ ከምሥራቅ ደግሞ የሶማሌ ጎሳዎች ወደ ጉድጓዶቹ ገፉ። የተሻገረው ቦረና «በዝውውር ላይ» ነው ወይስ «መስመሩን የያዘ»? በመጀመሪያው ንባብ የኢትዮጵያ ገባር ሆኖ ለጊዜው በእንግሊዝ ዳኝነት ሥር ነው፤ በሁለተኛው ንባብ የእንግሊዝ ሰው ሆኖ በኢትዮጵያ ግጦሽ መብት አለው። ጊዜ የሌለው የእንግሊዝኛ ቅርጽ ሁለቱንም ይሸከማል። አማርኛ ይህን መመለስ ግድ ቢለውም እሱም የራሱን ጉድጓድ ይቆፍራል። «በሚሄዱበት ግዛት ሹም ይዳኛሉ» ብለን ብንጽፈው፣ ወደ እሱ የሚሄዱት ግዛት ይሁን በእሱ በኩል አልፈው የሚሄዱት «‑በት» አይለይም። በሞያሌ በኩል አልፎ ወደ ማርሳቢት የሚነዳ ከብት ጠባቂ የትኛው ሹም ፊት ይቀርባል? እንግሊዝኛ «ቱ ዊች» ወይም «ስሩ ዊች» ብሎ በአንዲት ቃል ይቆርጠው ነበር። ማለትም እንግሊዝኛው ማንና መቼን አዳፈነ፣ አማርኛው ከየትና ወደ የትን።

በ1908 የእንግሊዝ መንግሥት ሜጀር ቻርልስ ጉዊንን መስመሩን በምድር ላይ እንዲያኖር ላከው። ምኒልክ በሕመም ላይ ነበሩ። ጉዊን የኢትዮጵያ ተወካዮች ሳይኖሩ ሥራውን እስከ 1909 ጨረሰና አንዳንድ ቦታ ከስምምነቱ መስመር ወጣ ያለ ሌላ መስመር አስቀመጠ፤ እሱ ደግሞ «ሰማያዊው መስመር» ተባለ። ኢትዮጵያ አልተቀበለችውም። በዚያው በ1908 ካርል አርምብሩስተር የተባለ የእንግሊዝ ባለሥልጣን ለሹማምንት ማስተማሪያ የሚሆን የአማርኛ ሰዋስው በካምብሪጅ አሳተመ፤ አንዱ እንግሊዛዊ ምድሩን ሲለካ ሌላው ቋንቋውን ይለካ ነበር። የሁለቱ ሥራ ቢገናኝ ኖሮ የሞያሌ ውል ይሻሻል ነበር ማለት የዋህነት ነው። የውሉ ጸሐፊዎች ከእውቀት ማነስ ብቻ አልተሳቱም፤ ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛው የሚያስቀረውን ነገር ማስቀረት ይጠቅማቸው ነበር። ያልተወሰነ ሐረግ ስለ ሩቅ ጉድጓድ ዛሬ ላለመጣላትና ነገ እንደ ጉልበቱ ለመተርጎም ያስችላል።

ለዚህ ነው ጠመንጃ እንጂ ሰዋስው ድንበር አይሠራም የሚለውን ክርክር በከፊል ብቻ የምቀበለው። ሞያሌን በሐምሌ 1940 የጣልያን ጦር ከብቦ እንግሊዞቹን በሌሊት እንዲለቁ ያደረጋቸው መድፍ ነው፤ በየካቲት 1941 ከተማይቱን የመለሰውም ሰዋስው አይደለም። ነገር ግን ጦሩ ሲሄድ ሰዎቹ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ። በ1947 አዲስ አበባና ለንደን ስለ ወሰኑ ማስታወሻ ተለዋወጡ፣ በ1950ዎቹም የጋራ ኮሚሽን ምልክት ሲተክል ቆየ። የጥንቱ ሐረግ ዋጋ ደግሞ በሌላው፣ በሶማሌላንድ ድንበር ላይ ታየ። በ1954 የተፈረመው የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ስምምነት ሐውድ የተባለውን የግጦሽ ምድር ለኢትዮጵያ ሲመልስ በ1897 የተነገረውን የግጦሽ መብት ጠበቀ። በ1960 ሶማሊያ ነጻ ስትወጣ ኢትዮጵያ መብቱ ከእንግሊዝ ጋር እንደ ሄደ፣ እንደማይሠራም አስታወቀች። የመብቱ ባለቤት ጎሳው ነበር ወይስ የጎሳው ገዢ? ከ63 ዓመት በፊት ሐረር ላይ የተጻፈው ጊዜና ባለቤት የሌለው ቅርጽ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ይሆን ነበር፤ ሆነም። መድፉ መስመሩን ያንቀሳቅሳል፤ ከመስመሩ ማዶ ውሃ የሚጠጣው ማን እንደሆነ ግን የሚከራከሩት በዐረፍተ ነገር ነው።

ኬንያ በታኅሣሥ 1963 ነጻ ወጣች፤ በሰሜን ወዲያው የሽፍታ ጦርነት ተብሎ የተጠራው ግጭት ተነሣ። ግጭቱን ለማብረድ በአሩሻ ስምምነት በተደረሰበት በ1967፣ አሜሪካ ኤም አይ ቲ ውስጥ ጆን ሮስ የተባለ የቋንቋ ተመራማሪ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ መስተዋድዱ አያያዡን ተከትሎ ወደ ፊት መሄዱን በዋሽንቱ አይጦችን ባስከተለው የተረት ሰው ስም ጠራው። ድራይደን የጨዋነት ጉዳይ ያደረገውን ሮስ የሐረግ እንቅስቃሴ ሕግ አደረገው። የአሩሻው ስምምነትና የሮስ ጽሑፍ የሚገናኙት በዓመቱ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ዓመቱ ለ300 ዓመት ያህል በ«ምን ያምራል» የተጠየቀ ነገር «እንዴት ይሠራል» ተብሎ መጠየቅ የጀመረበትን ጊዜ ያመለክታል። ሰኔ 9 ቀን 1970 ሞምባሳ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ጆሞ ኬንያታ የወሰኑን ውል ፈረሙ፤ ሞያሌ በሁለት መንግሥት መካከል መሆኗ በዚያ ጸና።

የጭራ ሐረግ ችግር የቅኝ ግዛት ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ጉዳይ በ2003 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት ቀረበ። የአካል ጉዳት አበል ሕጉ አንድ ሰው አበል የሚያገኘው የቀድሞ ሥራውን መሥራት ሲያቅተው፣ እንዲሁም ሌላ ዓይነት ሥራ «በአገሪቱ ኢኮኖሚ ውስጥ የሚገኝ» መሥራት ሲያቅተው ነው ይላል፤ ይህ በመስተዋድዳዊ ሐረግ የሚያልቅ ገላጭ ሐረግ በእንግሊዝኛው መጨረሻ ላይ ነው። የአሳንሰር ሠራተኛ የነበረች ሴት፣ የቀድሞ ሥራዬን መሥራት ብችልም ያ ሥራ በአገሪቱ ከነጭራሹ ጠፍቷል፣ ስለዚህ አበል ይገባኛል አለች። ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ፣ መጨረሻ ያለው ሐረግ ቅርቡን ስም ብቻ እንጂ ራቅ ያለውን «የቀድሞ ሥራ» አይገልጽም ብሎ ወሰነባት። ይህ ቅርቡን ብቻ የመግለጽ መርህ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች የሕግ ሰዎች ዘንድ ጥንታዊ ነው፤ መኖሩ ራሱ ቋንቋው በራሱ እንደማይለይ ምስክር ነው። ያንኑ አንቀጽ በአማርኛ ብንጽፈው «የቀድሞ ሥራውን፣ ወይም በአገሪቱ ኢኮኖሚ ውስጥ የሚገኝ ሌላ ሥራ» እንላለን፤ ሐረጉ ከ«ሌላ ሥራ» ፊት ስለሚቆም ወደ ኋላ ዘልሎ «የቀድሞ ሥራ»ን ለመያዝ አይችልም። የዚያች ሴት ክርክር አማርኛ ላይ መነሻ ያጣል።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፦ እንግሊዝኛም በቂ ጥንቃቄ ከተደረገበት ሁሉንም ግልጽ ማድረግ ይችላል፣ አማርኛም «ከእርሱ ዘንድ»፣ «ወደ እርሱ» እያለ «‑በት»ን ሊያብራራ ይችላል። ይችላሉ። በአማርኛ ሕግ ረቂቆች ውስጥ እንዲህ ያለ ማብራሪያ እናያለን፣ ዓረፍተ ነገሩ ይንቀረፈፋል፣ ግን ይገባል። ጥያቄው ምን ይችላሉ ሳይሆን ጸሐፊ ሲደክም ወይም መሸሽ ሲፈልግ በየትኛው በር ይወጣል የሚለው ነው። ቋንቋ ሁሉ ሰነፍ ጸሐፊ የሚያመልጥበት አንድ ክፍት በር አለው፤ የእንግሊዝኛው ከስም ኋላ ነው፣ የአማርኛው ከግስ ጫፍ ላይ።

ስለ ሞያሌ ስናወራ ደግሞ ውሉ የተጻፈላቸው ሰዎች ቋንቋ መረሳት የለበትም። ኦሮምኛ፣ የቦረናውን ጨምሮ፣ ገላጭ ሐረጉን ከስሙ በኋላ ያደርጋል፤ በዚህ እንግሊዝኛን ይመስላል። «የሚኖርበት ቤት» ለማለት «መና ኢኒ ኬሳ ጂራቱ» ይላል፤ «ኬሳ» ውስጥ ማለት ነው፣ ከግሱ ፊት ብቻውን ቆሟል፣ ድራይደን የነቀፈውን የእንግሊዝኛ ልማድ በሚመስል መንገድ። «የመጣበት አገር» ደግሞ «ቢያ ኢኒ ኢራ ዹፌ» ይሆናል፤ «ኢራ» ከ መሆኑን ግልጽ ያደርጋል። ወደ ለማለት ሌላ ቃል፣ «ኢቲ»፣ አለው። አማርኛ በ«‑በት» ያጣፋውን አቅጣጫ ኦሮምኛ አይለቅም፤ ግሱም ጊዜ አለው፣ እንደ እንግሊዝኛው «ኦኪዩፓይንግ» ተቆርጦ አይቀርም። በ2010 የጸናው የኬንያ ሕገ መንግሥት ስዋሂሊንና እንግሊዝኛን የሥራ ቋንቋ ሲያደርግ የሌሎቹን የአገር ልሳኖች መጎልበት ቃል ገብቷል፤ በታኅሣሥ 2020 ሞያሌ ላይ የተመረቀው የጋራ ኬላ ደግሞ የሁለቱን መንግሥታት ሹማምንት በአንድ ቅጥር አገናኝቷል። የ1907ቱ ቃል ኪዳን በኦሮምኛ ቢጻፍ ኖሮ የትኛው ሐረግ ከየትኛው ስም ጋር እንደሚሄድ አንዳንድ ጊዜ ያሻማ ነበር፤ መቼ እንደያዙት፣ ከየትኛው ወገን ወደ የትኛው ጉድጓድ እንደሚሻገሩ ግን በየሐረጉ ውስጥ በስሙ ተጠርቶ ይሰፍር ነበር።